ሳንቀምስ የወጣንበት ቤት

እኛ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛ የሚድነው ስንጸልይለት ሳይሆን ልንመጣ መሆኑን ሲሰማ ነበር። ቀልድ አይደለም። ቡታጅራ ውስጥ ያለች የአንዲት መካከለኛ ቤተ ክርስቲያን የጉብኝት ቡድን ጸሐፊ ነበርኩና በዓይኔ አይቻለሁ። ረቡዕ ዕለት «አልጋ ይዘዋል» የተባሉ ሰው፣ ቅዳሜ እንደምንመጣ ስደውልላቸው፣ ዓርብ ገበያ መሀል ቆመው ሽንኩርት ሲያማርጡ ይገኛሉ። «ተሻለኝ፣ ክብር ለስሙ ይሁን፣ በከንቱ እንዳትደክሙ» ይሉኛል። እኔም «ጌታ ፈውሷል» ብዬ ለሰብሳቢው አሳውቃለሁ፤ ሰብሳቢው እሑድ መድረክ ላይ ይናገሩታል፤ ሕዝቡም አሜን ይላል።

ምስጢሩ ሩቅ አልነበረም። ጉራጌ ቤት የገባ እንግዳ ሳይቀምስ አይወጣም። ይህ ቤተ ክርስቲያናችን ሳትተከል የነበረ ሕግ ነው። ባል እያቃሰተ ሚስት ጓዳ ገብታ ቅቤ ታነጥራለች፤ ሚስት ስታቃስት ደግሞ ጎረቤት ተጠርታ ቆጮ ትጋግራለች። ሊጠይቋት የመጡት ሰዎች እንዳይከፋቸው በሽተኛዋ ከትራሷ ቀና ብላ «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ» ትላለች፣ ሞቷ እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ። እኛም ሞቷን አክብረን እንበላለን።

ቡድናችን በአንድ ባጃጅ ልክ የተሠራ ነበር፤ ሦስት ሰው። ሰብሳቢያችን ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ፣ ጸሎታቸው ረጅም የሆነ ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ ዘማሪዋ ነበረች። ድምጿን የሰጣት ጌታ ነው፤ ማይክሮፎኑን ግን ራሷ ናት የወሰደችው። ሦስተኛዋ እኔ። የወልቂጤ ልጅ ነኝ፤ ቡታጅራ ያመጣኝ ትዳር ነው፤ ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። በቡድኑ ውስጥ ሥራዬ ስልክ መደወልና ፎቶ ማንሣት ነበር። ክብሩን ሁሉ ለጌታ ሰጥተን ፎቶውን ለቤተ ክርስቲያኑ ቴሌግራም እንልካለን።

ማን ቤት እንደምንሄድ የምንወስነው በሸክም ነበር። «እኚያ ወንድም በልቤ ከብደውኛል» ይላሉ ሰብሳቢው። ከባድ ሆነው የሚገኙት ወንድም ታዲያ ሁልጊዜ የፈረንጅ ላሞች ያሏቸው ሰውዬ ናቸው። ሰውዬው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ ባለው አገር የእሳቸውን ጉልበት ያህል የተጸለየለት ጉልበት ያለ አይመስለኝም። ክትፎው በጣባ ሆኖ ይመጣል፣ አይቡ ይከተላል፣ ዘማሪዋ ድምጿን ለመጠበቅ ሚጥሚጣ አላበዛም ትልና ታበዛለች። ስንወጣ ሰውዬው እያነከሱ በር ድረስ ይሸኙናል። ጉልበታቸው ያኔ አልዳነም፤ መዳኑንም አጥብቀን የምንፈልገው አይመስለኝም ነበር።

አንድ ጊዜ መጋቢያችን ለሥልጠና ወልቂጤ ሄዱና በአረቅጥ በኩል ተመለሱ። የደጋው ብርድ ይሁን ሥልጠናው አላውቅም፣ ሌላ ሰው ሆነው መጡ። እሑድ መድረክ ላይ ቆመው ስለ ማገልገል ሳይሆን ለምን እንደምናገለግል ሰበኩ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። በመጨረሻም እያንዳንዱ የአገልግሎት ክፍል ሳምንቱን ራሱን እየመረመረ እንዲቆይና ልቡ ውስጥ ያገኘውን ይዞ ስብሰባ እንዲመጣ አዘዙ።

እውነቱን አሁኑኑ ልናገር። በዚያ ሳምንት ልቤ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰብሳቢው ወንበር። ሰብሳቢው ሐዋሳ ያለች ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ መሆኑ ተሰምቶ ነበር። ከሁለታችን አንዳችን ልንተካቸው ነው፣ ወይ ዘማሪዋ ወይ እኔ። ስለዚህ ራሴን መርምሬ የማገኘው ነገር ጥሩ ነገር መሆን ነበረበት።

የስብሰባው ቀን መጀመሪያ የተነሡት ሰብሳቢው ናቸው። ኮታቸውን ቆለፉ። «ራሴን በጥልቀት ስመረምር ያገኘሁት ትሕትናዬ ከመጠን ማለፉን ነው» አሉ። «ዝቅ ማለቴ አገልግሎቱን ጎድቶታል። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ዘማሪዋ ቀጠለች። ጌታ ጸጋዋን ደብቃ በመኖሯ ወቅሷታል። ስትዘምር ድምፅ ማጉያው አስፋልቱ ድረስ ይሰማል፤ የቱ ጋ እንደደበቀችው ግን ማንም አልጠየቃትም። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ለሌሎች ስሮጥ ራሴን ረሳሁ፣ ቤቴን ረሳሁ፣ ብዬ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ከአንጀት ባይሆንም እንደማይገድ ያን ቀን አረጋገጥኩ።

መጋቢው ሦስታችንንም ሰምተው ብርጭቋቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ» አሉ። «አንድ ቤት ሄዳችሁ ምንም ሳይቀርብ ሲቀር፣ ጸሎቱ ምን ያህል ይረዝማል?»

መልሱን ሦስታችንም እናውቃለን። ሰብሳቢው ጸሎት ሲጀምሩ አፍንጫቸው ይቀድማል። ጓዳ ውስጥ የቅቤ ሽታ ካለ ለበሽተኛው፣ ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱ፣ ለቀበሌው፣ ለአገሪቱና ለጎረቤት አገሮች ይጸልያሉ፤ ቆጮው ሲደርስ አሜን ይላሉ። ሽታ ከሌለ ግን ጌታ ሁሉን ያውቃል ብለው በአጭሩ ይቋጩታል። ዘማሪዋ ጥፍሯን ማየት ጀመረች። እኔ ግን በዚያ መሀል ወንበሩን አየሁት። ተነሥቼ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በምንጎበኘው ቤት ምንም አንቀምስ» አልኩ። «ውኃም ቢሆን። አገልግሎታችን ይንጻ።»

ሰብሳቢው በሐዘን አሜን አሉ። ዘማሪዋም ቀደምኳት መሰለኝ፣ ከንፈሯን ነክሳ አሜን አለች። የመጀመሪያው ቤትም እዚያው ተመረጠ። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔው ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ሁልጊዜ የምትቀመጥ አንዲት ባልቴት ነበረች፤ ከርማ ጠፍታለች፣ ታማለች ይባላል፣ ስደውል ግን «ደህና ነኝ» እያለች ትመልሰኛለች። ድኻ ናት። ላም የላትም። እሷ ቤት ከሄድን ለሆዳቸው ሄዱ የሚለን የለም። መጋቢው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ግን ተጨብጭቦልኝ ስለነበር አልሰማሁም።

ማታውን ወልቂጤ ላለችው እናቴ ደውዬ ስለ ደንቡ ነገርኳት። እናቴ የቸሃ ሰው ናት፤ ነገር አታስረዝምም።

«ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀምስ የሚወጣ ማን ነው?» አለችኝ።

«ማን ነው?»

«ጠበኛ ነው። ወይ የንቀት ሰው ነው። ወይ መርዝ የሚፈራ ነው። አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«እማዬ፣ ይኼ እኮ መንፈሳዊ ነገር ነው።»

«እሱስ ገብቶኛል» አለች። «የፈራሁትም ለዚያ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ በእናቴ አለመሠልጠን አዘንኩ። በማግስቱ ለባልቴቷ ደወልኩላት። ቅዳሜ ከሰዓት እንደምንመጣ ስነግራት አሳላት። «ደህና ነኝ ብዬሽ የለም?» አለች። እኔም እንደማንቀር፣ ሸክማችን ከባድ እንደሆነ አስረዳኋት። «እንግዲህ ኑ» አለችኝ። ምንም እንደማንቀምስ ግን በስልክ አልነገርኳትም። እዚያው ደርሰን፣ ፊት ለፊት ብንናገረው የበለጠ ይነካል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ባጃጇ እስከምትችለው ወሰደችን፤ የቀረውን በእግር ሄድን። ቤቷ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር ናት፤ ከኋላዋ ጥቂት እንሰቶች አሉ፣ በጎን በኩል አጥሯ ከሙስሊም ጎረቤቷ አጥር ጋር አንድ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አዲስ አበባ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ አንድ ልጅ አላት፤ ሲሆንለት ይልክላታል። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። የታጠበ ነጠላ ለብሳለች። ከስታለች፣ ጎኗን በአንድ እጇ ይዛለች፣ ግን ቆማለች።

ገና ስንገባ የቅቤው ሽታ ተቀበለን። ሰብሳቢው ኮታቸውን ቆለፉ። ይዘን የሄድነውን ብርቱካንና የማልት ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን፣ ፎቶ አነሣሁ። ሰብሳቢው መጸለይ ጀመሩ። በልማድ ወደ ጎረቤት አገሮች እያመሩ ሳለ ደንቡ ትዝ ብሏቸው ነው መሰለኝ በድንገት አሜን አሉ። እሷም የሚጠብቃት ነገር ያለ ይመስል ቶሎ ብላ ጓዳ ገባችና በትሪ ይዛ ወጣች። ጎመን ክትፎ ነው። ጎመኑ ደቅቆ ተከትፏል፣ በተነጠረ ቅቤ ታሽቷል፣ አይብ ከጎኑ አለ፣ ቆጮው በስሱ ተጋግሮ ተቆራርጦ በኮባ ቅጠል ላይ ተደርድሯል። ለክትፎው ሥጋ ባይኖራትም ክትፎነቱን አላጎደለችበትም።

«በሉ ቅረቡ» አለች።

ሰብሳቢው ወደ እኔ አዩ። ዘማሪዋም ወደ እኔ አየች፤ ምራቋን ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ታየኝ። ደንቡ የእኔ ነው። «እማማ፣ እግዜር ይስጥልን፣ እኛ ግን አንቀምስም» አልኩ።

«ምነው? ጾም ነው?»

«አይደለም። የመጣነው ለመስጠት ነው እንጂ ለመቀበል አይደለም። ለአገልግሎታችን ንጽሕና ብለን ደንብ አውጥተናል።»

«ትንሽ ቅመሱ። በሞቴ።»

«አይሆንም እማማ። ደንብ ነው።»

ትሪውን እንደያዘች ቆመች። አሳላትና ትሪውን አስቀምጣ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሲያልፍላት በቀስታ ጠየቀችን።

«ላሞች ያሉት ሰውዬ ቤት ትበላላችሁ አሉ።»

«ያኔ ደንቡ አልወጣም ነበር» አሉ ሰብሳቢው።

«እሺ» አለች። «የወጣው የኔ ቤት ተራ ሲደርስ ነው።»

ጥያቄ አልነበረም። ትሪውን በኮባ ቅጠሉ ሸፍና ወደ ጓዳ መለሰችው። ስንወጣ ጎረቤቷ በአጥሩ በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «በሉ?» ብላ ስትጠይቃት ሰማሁ። ባልቴቷ የመለሰችላትን አልሰማሁም። ባጃጅ ውስጥ ሰብሳቢው «ከባድ ፈተና ነበር» አሉ። አሸንፈን የወጣን መስሏቸው ነው። እኔም ደረቴ ላይ የተቀመጠውን ነገር ድል ነው ብዬ ተቀበልኩት።

እሑድ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ወጣ። ብርቱካኑ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ባልቴቷ ከጥግ። ሳይቀምሱ የሚያገለግሉ ተብለን ተመሰገንን። ሽማግሌዎች ተሰብስበው አዲስ ሰብሳቢ መረጡ፤ የተመረጥኩትም እኔ ነኝ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ፤ ሱቄ ውስጥ ለብቻዬ ስሆን «ሰብሳቢዋ» እያልኩ ራሴን ጠርቼ አይቻለሁ።

በሳምንቱ ውስጥ ዘማሪዋ «እንኳን ደስ ያለሽ» ልትለኝ ሱቄ መጣች። ፊቷ ጎምዛዛ ነገር የበላ ሰው ፊት ነበር። ወንበር ሰጥቼ ስለ ትሕትና እያወራኋት ሳለ የባልቴቷ ጎረቤት ገባች። ጠና ያለች፣ ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሁሉንም ሰው «አንቺ» እና «አንተ» ነው የምትለው። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ደብተሮቹ ላይ አስቀመጠችው። ብርቱካኖቹና ማልቶቹ ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች። «ይኼ የናንተ ነው። አልቀመሰችውም።»

«ምነው? ሕመሙ ጠናባት እንዴ?»

«አይ። እሷም ደንብ አወጣች።»

ዘማሪዋ መሳቅ ፈልጋ መሀረቧን አፏ ላይ ያዘች። ፊቴ ጋለ። ሴትዮዋ ግን አልጨረሰችም። ድምጿን ዝቅ አደረገችና ቀረብ አለችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ። ቅቤው ከኔ ቤት ስለመጣ ነው?»

ይህ ጨርሶ ወደ አእምሮዬ አልመጣም ነበር። ባልቴቷ ሥጋ ትታ ጎመን የከተፈችው ድኻ ስለሆነች ብቻ መስሎኝ ነበር። ጎመንና አይብ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ የሚበላው ነው፤ ጎረቤቷ ቅቤውን ስትሰጣት ከእንግዶቹ በኋላ አብረው ሊበሉ ተነጋግረው ነበር። እኛ አንቀምስም ብለን ስንወጣ ሁለቱ ሴቶች ለብዙ ዓመት ያላሰቡትን ነገር አስበው ሰንብተዋል።

«ኧረ አይደለም፣ በፍጹም» አልኩ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ለንጽሕናችን ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ሲደርስ ለእሷ ምን ተብሎ እንደሚሰማ ገባኝና ዘጋሁት። ቆማ ጠበቀችኝ። ሌላ ምክንያት ፈለግሁ፤ ያለኝ ምክንያት ወንበሩ ብቻ ነበር፣ እሱም ለሰው የሚነገር አይደለም።

«የደወልሽላት ቀን ከኔ ጋር ነበረች» አለች ሴትዮዋ። «ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ልወስዳት ነበር። እንግዳ አለብኝ ብላ ቀረች። ስትከትፍ፣ ስታስል፣ ስትከትፍ ዋለች። ልርዳሽ ስላት እምቢ አለች። እነሱ ለኔ ነው የሚመጡት፣ በኔ እጅ ይሁን አለች።»

ይህን ብላ ወጣች። ዘማሪዋም ትንሽ ቆይታ ወጣች። ቡታጅራ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ እስከ ማታ ወሬው ቤተ ክርስቲያን እንደሚደርስ አውቄያለሁ። መጀመሪያ የደነገጥኩት ለዚያ ነው። አፈርኩ፣ ግን ያፈርኩት በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ለስሜ፣ ቀጥሎ ለወንበሩ፣ ባልቴቷ ወደ ሐሳቤ የመጣችው በኋላ ነው።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ብቻዬን ወደ እሷ ሄድኩ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ እጸልያለሁ ብዬ ነበር። ገበያውን ስናልፍ ግን እየጸለይኩ ሳይሆን እሑድ የምናገረውን ምስክርነት እያዘጋጀሁ እንደነበር ነቃሁ። «ጌታ በአንዲት ባልቴት በኩል ሰበረኝ» የሚል መግቢያ ሁሉ ነበረው። ሰዎች የሚያለቅሱበት ቦታ ላይ ትንሽ ዝም እላለሁ። ይህን ያሰብኩት ገና ይቅርታ ሳልጠይቅ ነው። በራሴ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ መናደዴን ምስክርነቱ ውስጥ የት እንደማስገባው አሰብኩ። እናቴ ብታየኝ ምን እንደምትል ስለማውቅ ቀሪውን መንገድ በመስኮት እያየሁ ሄድኩ።

ባልቴቷ ደጃፏ ላይ ሰሌን አንጥፋ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ስታየኝ አልተነሣችም።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት እማማ» አልኩ።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ባጃጅ ውስጥ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ስልክሽ የት ነው?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«ዝጊው።»

ዘጋሁት። ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጤና ጣቢያ ልውሰድዎት አልኳት። ከጎረቤቷ ጋር ሄዳ መድኃኒት ጀምራለች። ውኃ ልቅዳልዎት አልኩ። የጎረቤቷ ልጅ ቀድታላታለች። ልጽፍልዎት፣ ለልጅዎ ልደውልልዎት አልኩ። ልጇ ትናንት ደውሏል። ልሠራው ያሰብኩት መልካም ሥራ ሁሉ ቀድሞኝ ተሠርቶ ነበር። እሷም ብሉ አላለችም። ቤት ያፈራውን አላለችም። ጉራጌ ቤት ደጅ ላይ ተቀምጦ ብሉ አለመባል ምን እንደሆነ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፀሐዩ ወደ እንሰቶቹ ዞረ። ምሳ አልበላሁም። ሆዴ ጮኸ፣ ሰማችው።

«ራበኝ» አልኳት።

ያለኝ እውነት ይኼ ብቻ ነበር። ሰብሳቢነትም መንፈሳዊነትም አልነበረበትም። ባልቴቷ ዞር ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝና ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ጎኗን ይዛ ጠበቀች።

«አሁን ገና ሰው መጣ» አለች።

ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ልርዳዎት አላልኩም፤ ያን ያህል ተምሬያለሁ። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ትበያለሽ» አለች። «ግን ለመጋቢም ለቴሌግራምም እንዳታወሪ። እኔ ቤት መብላትሽን እሑድ ተነሥተሽ ለሰው እንዳትናገሪብኝ።»

ባጃጅ ውስጥ የተሠራው ምስክርነት ከነመግቢያው በዚያች ቅጽበት ሞተ። እንዴት አወቀችብኝ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ገባኝ፤ ስንት ዓመት በሩ አጠገብ ተቀምጣ ስናገር ስትሰማኝ ኖራለች።

«አልናገርም» አልኩ።

የቀዘቀዘ ቆጮና ጎመን አመጣች። ቅቤ የለበትም። ቅቤውን ቅዳሜ ማታ ከጎረቤቷ ጋር በልተውታል፤ «ለእናንተ የተነጠረ ስለሆነ ጣፈጠን» አለችኝ፣ ልትወጋኝ አስባ። ጎረቤቷም ድምፃችንን ሰምታ በአጥሩ ክፍት በኩል መጣችና እጇን ታጥባ ቢስሚላህ ብላ አብራን ቀረበች። ስለ ቅቤው የጠየቀችኝን አልደገመችውም። እየጎረስኩ ስታየኝ መልሱን አገኘች መሰለኝ። ሦስታችን ስለ በቆሎ ዋጋ እያወራን ጨረስነው። ያን ቀን አልጸለይኩላትም፤ አልጸለይሽልኝም ብላም አልተቀየመችም።

በሚቀጥለው እሑድ ባልቴቷ መጣች። በሩ አጠገብ፣ የድሮ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ብርቱካኑ የተመለሰበትን ወሬ ሁሉም ሰምቷል፤ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ብዙ አንገት ወደ እኔ ዞረ። አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብናገር ስሜ ይነጻ ነበር። ቤቷ ሄጄ በላሁ፣ ታረቅን፣ ማለት ብቻ በቂ ነው። እጄ ከጭኔ ላይ ተነሣ። ወደ በሩ አየሁ። ባልቴቷ እያየችኝ ነበር። ተናዳ ወይም ተቆጥታ አይደለም፤ ምን እንደምሠራ ለማወቅ ብቻ ነው የምታየኝ። እጄን ታፋዬ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩበት። ዘማሪዋ ተነሥታ ስለ ይቅርታ ረጅም መዝሙር ዘመረች፣ እኔን እያየች። ቻልኩት።

ከዚያ በኋላ በተደረገው ስብሰባ ደንቡ እንዲነሣ ሐሳብ አቀረብኩ። ምክንያቱን አልተናገርኩም። ሐሳቤን ሳልጨርስ ዘማሪዋ ደገፈችኝ፤ በአንድ ነገር የተስማማነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። መጋቢው ብቻ ፈገግ አሉ፣ ምንም አልጠየቁኝም። አሁን በሽተኛ ስንጠይቅ ቀን ቀጥረን አንደውልም፤ ያለውን እንቀምሳለን፣ ከሌለም ውኃ ጠጥተን እንወጣለን። ላሞች ያሏቸው ሰውዬ እኛን ቢያጡ ጊዜ ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል።

የገባሁላትን ቃል ለመጋቢ አላፈረስኩም፣ በቴሌግራምም አላፈረስኩም፣ እሑድ ተነሥቼም አልተናገርኩም። አሁን ግን ይኸው ጽፌዋለሁ። መጻፍ መናገር አይደለም እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ከረምኩ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሌላ ሰው ይማርበታል ብዬ ነው የጻፍኩት የሚል ምክንያትም አለኝ፤ ምክንያት አጥቼ አላውቅም። እንዳታውቀው፣ ሰውም እንዳያውቃት፣ ስሟን አላነሣሁም። ተካክለን እንቅር ብዬ የራሴንም ስም ትቼዋለሁ። ለመተው የከበደኝ የራሴ ነው።